አባቴ ከየረር ፊት ሲቆም

የምሠራው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰባተኛ ፎቅ ስል ሰው ከተማውን ቁልቁል እያየሁ የምውል ይመስለዋል። ከጠረጴዛዬ አጠገብ ያለው መስኮት የሚያሳየኝ ግን የጎረቤቱን ሕንፃ መስታወት ነው፤ መስታወቱ ውስጥ ደግሞ የእኛው ሕንፃ አለ። ዓይኔ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ መስታወት ሲመላለስ ይውላል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ጎሮ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲ ውስጥ እንደተቀመጥኩ፣ በሁለት ጅምር ሕንፃዎች መሃል የረር ተራራን አየሁት። ያን ሁሉ ዓመት እዚያው ሰፈር ኖሬ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ዓይኔ እዚያ ድረስ ሄዶ ሲያርፍ ጠባብ ጫማ ያወለቅኩ ያህል ቀለለኝ። ካሜራ የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ለምን ሜዳና ተራራ ታነሻለሽ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ ይኸው ነው። ጥበብ ምናምን የሚባለው በኋላ የመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ የፈለግኩት ሩቅ ማየት ብቻ ነበር።

አባቴ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም። ቦሌ ሚካኤል ትንሽ ሱቅ የነበረችው፣ ዘመኑን ሁሉ ኮትና ሱሪ ሲሰፋ የኖረ ልብስ ሰፊ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። እሱ የሚያውቀው ፎቶ በወጣትነቱ ፎቶ ቤት ገብቶ ይነሳው የነበረውን ነው፦ ተራራና ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ከኋላ ይወርዳል፤ ተነሺው ኮቱን ቆልፎ ከፊቱ ይቆማል፤ ትንፋሹን ይይዛል። የመጀመሪያ ፎቶዎቼን በቴሌቪዥኑ ሳሳየው አንድ በአንድ በትዕግሥት አያቸውና፣ "መጋረጃው ጥሩ ነው። ሰዎቹ የት ሄዱ?" አለኝ።

"ሰው የለበትም አባዬ። እንዲሁ ነው።"

"እንግዲያው ገና አልተነሳም ማለት ነው" አለ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት ስወጣ አብሮኝ መውጣት ጀመረ፤ ያውም ክራቫት አስሮ። አራብሳን አልፈን፣ የከተማው ቤት አልቆ እርሻው ሲጀምር መኪናዬን አቆማለሁ። እኔ የካሜራውን ማቆሚያ ስተክል እሱ ሄዶ ከተራራው ፊት ይገተራል፤ ጀርባውን ለየረር ሰጥቶ፣ እጆቹን ከጎኑ አድርጎ፣ ፍንክች ሳይል። እውነት ለመናገር ያናድደኝ ነበር። በጠዋት እንቅልፌን ትቼ የወጣሁት ባዶ ሜዳ ፍለጋ ነዋ። መጀመሪያ እሱን አነሳዋለሁ፤ ከዚያ "አሁን ዞር በልልኝ" እለዋለሁ፤ እሱም "ደግሞ ምን ቀረሽ?" እያለ ወደ መኪናው ይሄዳል።

ጥቅሙ የገባኝ ቆይቶ ነው። በዚያ በኩል ካሜራ ይዞ መሬት የሚያነሳ ሰው ደላላ ነው። ብቻዬን በወጣሁባቸው ቀናት ገበሬዎች እየመጡ ማን ሊገዛው ነው፣ ማን ላከሽ እያሉ ያፋጥጡኝ ነበር። አይፈረድባቸውም፤ ከተማው ወዴት እየገፋ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። አባቴ ካለ ግን ጥያቄ የለም። አንድ ሽማግሌ ኮቱን ቆልፎ ሲቆም ልጁ ፎቶ ስታነሳው ያያሉ፤ ይሄ ለማንም ግልጽ ነው። "አካም ጂርቱ" ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው ያልፋሉ። አንዱማ የኮቱን ጨርቅ ዳበስ አድርጎ ማን እንደሰፋው ጠየቀና፣ ሁለቱ በዚያው ጨዋታ ሲይዙ የጠበቅኩት ብርሃን አመለጠኝ።

የዓይኑ ነገር የመጣው በዚህ መሃል ነው። የዓይን ግፊት ነው ተባለ። የጠፋው እንደማይመለስ፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ብቻ እንደሆነ ሐኪሙ ነገረን። ምን ያህል እንደቀረ ግን ከአባቴ አፍ ማውጣት አይቻልም። "ታያለህ?" ስለው "አያለሁ" ነው መልሱ። ቀጠሮው ሲደርስ ደህና ነኝ እያለ ያስተላልፈዋል። ቤት ውስጥ ምንም አይመታውም፤ ወንበሩንም፣ በሩንም፣ የመብራት ማጥፊያውንም በልቡ ያውቃቸዋል። እኔ ሥራ ስውል እሱ ብቻውን ነው፤ ምድጃ ይለኩሳል፣ ደረጃ ይወርዳል። ምን ያህል እንደሚያይ አለማወቄ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ፣ ሜዳው ጠዋት ጠዋት ጭጋግ በሚለብስበት ሰሞን፣ እንደ ልማዳችን ወጣን። ክንዱን ይዤ አንድ ግራር ሥር አቆምኩትና ካሜራዬን ለመትከል ወደ ኋላ ተመለስኩ። ጭጋጉ የተራራውን ግማሽ ይዞታል። እኔ ማቆሚያውን ሳስተካክል፣ ከተራራው በኩል በእግር መንገዱ አንዲት ሴት ጀሪካን አዝላ መጣች። ክራቫት ያሰረ ሽማግሌ ጭጋግ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ስታይ ግራ ገብቷት ቆመች። አባቴ የሴትዮዋ ኮቴ መቆሙን ሰማ። ወደ እሷ ዞረ። ኮቱን ሳብ ሳብ አደረገ፣ እጆቹን ከጎኑ አደረገ፣ ቀጥ አለ።

"ተዘጋጅቻለሁ፣ አንሺኝ" አላት።

ሴትዮዋ በእሱ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ እኔ አየች። ቀይ ጃኬት ለብሼ እዚያው ከኋላው ቆሜያለሁ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

ካሜራውን ትቼ ሄድኩና "አባዬ፣ እኔ በዚህ በኩል ነኝ" አልኩት። ወዲያው አልዞረም። ሴትዮዋ ነገሩ ገብቷት ቀስ ብላ መንገዷን ቀጠለች።

"ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው" አለኝ።

ፀሐይ አልነበረም። ክንዱን ያዝኩት።

"ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ከፋሲካ ወዲህ ብሶብኛል።"

"ለምንድነው ያልነገርከኝ?"

"ብነግርሽ ቤት ታስቀሪኛለሽ።"

ተናደድኩ፤ እንባዬም መጣ። "ታዲያ ካላየህ እዚህ ምን ትሠራለህ?" አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ከበደኝ።

እሱ ግን አልተቀየመኝም። "ቤት ሁሉ ነገር ቅርብ ነው" አለኝ። "እጄን ስዘረጋ ግድግዳ ነው፣ በር ነው፣ ፍሪጅ ነው። እዚህ ብዘረጋ የሚነካኝ የለም። ነፋሱም ከሩቅ እንደመጣ ያስታውቃል። ሌላ ምን ልሥራ?"

ይህን የሚነግረኝ፣ ዕድሜውን ሁሉ አንድ ክንድ በማትርቅ መርፌ ላይ አጎንብሶ የኖረ ሰው ነው። ትከሻውን ይዤ ቀስ አድርጌ አዞርኩትና ጀርባውን ለየረር ሰጠሁት። ክራቫቱን አስተካከልኩለት።

"ተራራው አሁን ከኋላዬ ነው?" አለኝ።

"ከኋላህ ነው።"

"ሙሉውን ይታያል?"

"ገና ነው። ጭጋጉ ግማሹን ይዞታል።"

"እንግዲያው እስኪገለጥ እንጠብቀው" አለኝ፣ "እኔ አልቸኮልኩም።"