በትእዛዙ ጅራት የሚመጣው ጥያቄ

አንዳንዱን ነገር አሳስቼ ልናገር እንደምችል አስቀድሜ ብገልጽ ይሻላል። የሐጂ መጋዘን በር ቆርቆሮ ነበር ወይስ ሳንቃ፣ ከፊት የምትመራው በቅሎ ዳማ ነበረች ወይስ ቡላ፣ ዛሬ በእርግጠኝነት አልናገርም፤ ሁለቱም መልክ በየተራ ይመጣብኛል። ከሁሉ ይልቅ የማላምነው ግን ጆሮዬን ነው። ከዚያ ዘመን በልቤ የቀረው የአንዲት ሴት ንግግር ነው፤ ሴቲቱን ግን አይቻት አላውቅም፣ ድምጿንም ሰምቼው አላውቅም። የሰማሁት አጋሰስ ነጂው ከወገዳ ይዞት የመጣውን ቃል ነው። ስለዚህ ይህን ሁሉ ዓመት የተከተለኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ያ ቃል የእርሷ ነበር ወይስ የእርሱ?

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት የቀሩት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየአውራጃው ወርዶ እንዲያገለግል ይታዘዝ ነበርና እኔም እስቴ ደርሶኝ በመካነ ኢየሱስ አስተማሪ ሆንሁ። ያረፍሁት በሐጂ ግቢ ውስጥ፣ ከመጋዘናቸው ጋር ግድግዳ በምትጋራ ክፍል ነው። ሐጂ በከተማው ከነበሩት ጥቂት ሙስሊም ነጋዴዎች አንዱ ነበሩ። ጨው፣ ስኳር፣ በርበሬ፣ ከፎገራ በኩል የሚመጣ ቅቤ በጅምላ እየያዙ መኪና በማይደርስባቸው ገበያዎች ለሚቸረችሩ ነጋዴዎች ያከፋፍሉ ነበር። ከደንበኞቻቸው ሁሉ ሩቅዋ የወገዳዋ ነጋዴ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋ ከሠላሳ ብዙም ያልራቀ ሴት መሆኗን የነገረኝ አጋሰስ ነጂው ነው። እርሱ «እሜቴ» ይላት ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ በልቤ የምጠራት እንደዚሁ ነው።

ትእዛዟ የሚመጣው በቃል ነበር። አጋሰስ ነጂው ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይዘልቅበት የወጣና ወደ ጭነት የዞረ ጎልማሳ ነው። ከመጋዘኑ ፊት ይቆምና እጁን አጣምሮ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ መምህሩ ፊት እንዳለ ተማሪ የተባለውን ሁሉ ያነበንባል። በወረቀት ቢሆን አይሻልም ወይ ብዬ ሐጂን ጠይቄያቸው ነበር። እሜቴ ራሷ ማንበብ እንደማትችል፣ የሚያነብላት ሰው ደግሞ ምን ያህል ስኳር እንዳዘዘች ከእርሷ እኩል እንደሚያውቅ፣ እንዲህ ከሆነ ገበያው ሳይቆም ወሬው ገበያ እንደሚወጣ አስረዱኝ። እኔም ወረቀቴን መልሼ ከኪሴ ከተትሁ።

ነገሩ የተበላሸው ሁዳዴ ሲገባ ነው። በዚያ ሰሞን ቅቤ የሚበላ ሰው ስለሌለ ዋጋው ይወርዳል፤ ብልህ ነጋዴ ያን ጊዜ ገዝታ፣ አንጥራ ለፋሲካ ታቆየዋለች። እሜቴም ለፋሲካ ቅቤ አደርስላችኋለሁ ብላ ቃል የገባችላቸው ቤቶች ስለነበሩ ቅቤ አዘዘች። የደረሳት ግን ኑግ ነው። አጋሰሶቹ ኑጉን እንደተጫኑ ተመልሰው ከግቢው ሲገቡ እኔ ከክፍሌ ደጃፍ ተቀምጬ ደብተር አርም ነበር። ነጂው ዐይኑን ጨፈነና ቃሉን ደገመ።

«‹ሐጂ፣ እኔ ቅቤ አልሁ፣ አንቱ ኑግ ሰደዱልኝ። ኑግ ከፈለግሁ ጎረቤቴ ይሸጥልኛል። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጭነት ቢመጣ ፊቴን ወደ ጋይንት ነጋዴዎች አዞራለሁ።›»

ሐጂ ቀስ ብለው ተነሡ። «አንተ ኑግ አላልኸኝም?»

«ብያለሁ።»

«እርሷስ ምን ብላህ ነበር?»

«ቅቤ።»

«ታዲያ?»

«በሁዳዴ መባቻ ቅቤ ስትል ሰማኋት፣ ሐጂ። የአፍ ወለምታ ነው ብዬ ነፍሷን አተረፍሁላት።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ሰምቻለሁ» አሉ ሐጂ። «አንተ በኑግ አሸኸው።»

ሐጂ ሣቁ፤ ሣቃቸው ግን አልቆየም። ወገዳ ከእጃቸው ከወጣ ወደዚያ አቅጣጫ የሚጫነው ሁሉ አብሮ እንደሚወጣ ያውቁ ነበር። ማታ ወደ ክፍሌ መጥተው የራሳቸውንም ድርሻ ነገሩኝ። ነጂው ኑግ ሲላቸው ነገሩ እንግዳ ሆኖባቸው እንደነበር፣ ግን ስለ ክርስቲያን ጾም አንድ ክርስቲያን የሚለውን መጠራጠር ነውር መስሎአቸው እንደተዉት አጫወቱኝ። አንዱ ለነፍሷ አዝኖ፣ ሌላው እምነቱን አክብሮ፣ ሁለቱም በቅንነት ቅቤውን ኑግ አደረጉት።

እኔ የመከርሁት ቀላል ነገር ነው። ቃሉ እብደት ቢመስል እንኳ መንገድ ላይ አይታረም፤ ነጂው ይናገር፣ ሐጂ መልሰው ይድገሙለት፤ ጭነቱ ከመታሰሩ በፊት እያንዳንዱ ጆንያ በስሙ ይጠራ፤ ወገዳም ሲደርስ እሜቴ እንዲሁ ጠርታ ትቀበልና መድረሱን በቃሏ ትመልስ። ነጂውን ቅር አለው። እንግዲህ ጋን ሆንሁ በሉኛ፣ የሞሉብኝን ወስጄ የምገለብጥ፣ ብሎ አጉረመረመ። ሐጂ ጋን ብትሆንማ ቅቤው በደረሰ ነበር አሉት።

በኑጉ ፈንታ ቅቤው ተጫነ፤ ከቅቤው ጋርም አዲሱ ሥርዐት ተላከ። የመጣው መልስ ይህ ነው።

«‹ቅቤው ቅቤ ሆኖ ደርሷል። ሥርዐታችሁን ወድጄዋለሁ፤ እኔም አንድ ነገር ቀጥዬበታለሁ። ቃል በመንገድ ሲደክም የሚወድቀው ከጅራቱ ነው። ስለዚህ ከትእዛዜ ኋላ አንድ ጥያቄ አስራለሁ፤ የጥያቄዬ መልስ ከመጣልኝ ትእዛዜ ሙሉውን ደርሷል ማለት ነው። የዛሬው ይኸውላችሁ። የተማሪ ቤታችሁ ደወል ከምን የተሠራ ነው?›»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ እንኳ የአንተ ነው፣ ልጄ። እኔ ጨው እጭናለሁ።»

ደወላችን ከዋንዛ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ እንደሆነና በብረት እንደሚመታ ላክሁባት። በሚቀጥለው ጉዞ ስኳርና በርበሬ አዘዘች፤ ከኋላው እንዲህ የሚል ታስሮበት ነበር፤ መኪናው እስኪመጣ ቸርኬው መቅደሙ ደግ ነው።

ከዚያ በኋላ የበቅሎዎቹን ቃጭል ጠባቂ ሆንሁ። ከክፍል ወጥቼ በገበያው በኩል ስመለስ ዐይኔ ወደ ወገዳ መንገድ ይሄዳል፤ አቧራ ሲነሣ ልቤም አብሮ ይነሣል። የጠየቀችኝን ሁሉ አላስታውስም፤ ከማስታውሰውም የትኛው ከየትኛው እንደቀደመ አላውቅም። አንዱ ግን አይጠፋኝም። የባሕር ውኃ ጨው ነው የሚባለው እውነት እንደሆነ ጠይቃ፣ ከሆነስ ማን ሸጦ ይጨርሰዋል ብላለች። ጨው ስትሸጥ የኖረች ሴት ጥያቄ ነው። እውነት መሆኑን ከመጽሐፍ እንዳነበብሁ፣ በዐይኔ ያየሁት ግን ጣናን ብቻ እንደሆነ፣ እርሱም ጨው እንዳይደለ መለስሁላት። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ልልክባት አልፈለግሁም።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ይመስለኛል፣ ደፍሬ በበኩሌ ጥያቄ አሰርሁ። ከደጅሽ ሲቆሙ የሚታየው ምንድን ነው አልኋት። ነጂው ሲመለስ እንደ ወትሮው የጨውንና የስኳሩን ትእዛዝ ጨርሶ፣ ዐይኑን እንደጨፈነ እንዲህ አለ።

«‹በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትሞቅ፣ ጉና ይታየኛል። ሲረፍድ ይሸሸጋል። ስለዚህ ከደጄ የምወጣው በማለዳ ነው።›»

ከዚያ ዐይኑን ገለጠ። «ይህ የእርሷ ነው፣ መምህር። የኔን ከጠየቁኝ ከዚያ ደጅ የሚታየው የታሰረ አህያ ነው። ስንት ጊዜ ቆሜበታለሁ፣ ጉና የሚባል አላየሁም።»

ጉና ከመካነ ኢየሱስም ይታይ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝናብ እንደሚመጣና እንደማይመጣ የሚታወቅበት ተራራ ብቻ ነበር ለእኔ። ከዚያ ወዲያ ግን ማለዳ እየተነሣሁ በእኔ በኩል ያለውን ጎኑን አይ ጀመር፤ በወዲያኛው ጎኑ በኩል አንዲት ሴት ከደጇ ቆማ ይሆናል እያልሁ። ነጂው ያለው እውነት ከሆነ ግን በዚያ ደጅ ጉና የለም፤ ጉና ከሌለ ደግሞ ያ ማለዳ የነጂው ፈጠራ ነው። ቅኔ ቤት ያልጨረሰ ሰው መሆኑ ያሳስበኝ ጀመር። ቅቤን ኑግ ያደረገ አንደበት፣ ጨውና ስኳርን ወደዚህ ዐይነት ቃል ለመለወጥ ምን ያግደዋል? አንድ ቀን አላስቻለኝም፤ ከራስህ ትጨምርበታለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ ብጨምርበት ኖሮ ከዚህ የበለጠ ያምር ነበር» አለኝ። መልሱ አሣቀኝ እንጂ አላሳረፈኝም።

ወገዳ ድረስ ሄጄ ለማየት ቆርጬ ነበር። ፈተናው ይለቅ ስል ሰኔ ገባ፣ ሰኔ ሲገባ በመካከላችን ያለው ወንዝ መሙላት ጀመረ። ከክረምቱ በፊት የመጨረሻው ጭነት ሊሄድ ሲል የመጣው ትእዛዝ ጨው ብቻ ነበር። ከጅራቱ የታሰረው ይህ ነው።

«‹መምህሩ ኗሪ ናቸው ወይስ ሂያጅ?›»

ሐጂ ይህን ሲሰሙ ጨውን ለመቁጠር ወደ መጋዘኑ ገቡ። እኔ ለነጂው ቃሌን ነገርሁት። ትምህርቴን ለመጨረስ የምሄድ መሆኔን፣ ግን አንድ ማለዳ ከደጇ ቆሜ ጉናን ለማየት መፈለጌን፣ ብትፈቅድልኝ ወንዙ ሲጎድል እንደምመጣ። ነጂው ዐይኑን ጨፍኖ ደገመው፤ አሁንም ደገመው። ያን ቀን አልቀለደም። በቅሎዎቹ ካፊያ ውስጥ ገብተው ሲወርዱ እስኪሰወሩ ድረስ ከደጅ ቆምሁ።

መልሱ መምጣት የነበረበት ከመስቀል በኋላ ነው። እኔን ግን ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን በተገኘው መኪና ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወሰዱኝ። ተመርቄ ሥራ ስይዝ የተመደብሁት በሌላ የአገሪቱ ማዕዘን ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ዘመኑ ተለወጠ፣ መንገዱም ሰዉም እንደ ቀድሞው አልሆነም። ትዳር መሠረትሁ፣ ልጆች አሳደግሁ፣ በሕይወቴ አላማርርም። ይሁን እንጂ ቃጭል በሰማሁ ቁጥር የምቀበለው ቃል ያለ ይመስለኝ ነበር። ቃሌ ደርሷት እንደሆነ አላውቅም፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ደርሷት ቢሆን እንኳ ተቀባይዋ እኔ የማስባት ሴት መሆኗን አለማወቄ ነው። ዓመታቱ ሲረዝሙ ነጂው ብቻ ሳይሆን እኔም የምጨምርበት መሰለኝ። ትዝታዬን ፊቴ አቁሜ ድገመው የምለው፣ ጆንያውን በስሙ እየጠራሁ የማስተያየው ነገር አልነበረኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ወገዳ ደረስሁ። መንገዱ አሁንም አስቸጋሪ ነው፤ የደረስሁት ቀትር ላይ ነበር። በድሮ ጊዜ ጨው ትሸጥ የነበረች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ቤት የት እንደነበረ አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ጠየቅሁ። ወዲያው አወቋት። ወደ እኅቷ አገር ሄዳ እዚያው ከሞተች ብዙ ዘመን እንደሆነ ነገሩኝና ቤቱን አሳዩኝ። አሁን ሌላ ነጋዴ እህል ያስቀምጥበታል። ከደጁ ቆሜ ተመለከትሁ። ጭጋግ የመሰለ ሙቀት፣ ከአጥሩ ሥር የታሰሩ አህዮች፤ ሌላ ምንም አይታይም። ነጂው ያለው ነገር በትክክል ከፊቴ ነበር። ሽማግሌው በፊቴ ላይ ምን እንዳዩ አላውቅም፤ ምን ጠፋብዎት አሉኝ። ከዚህ ጉና ይታያል ብላ ነበር አልኋቸው። እርሳቸው ለዚያ ማለዳ መነሣት እንደሚያስፈልግ፣ ራሳቸው ግን ሱቃቸውን የሚከፍቱት አርፍደው ስለሆነ ነገሩን እንደማያውቁት ነገሩኝ።

ነጂው ከዚያ ደጅ ይደርስ የነበረው ሁልጊዜ ቀን ላይ፣ የሚያድረውም ሌላ ዘንድ እንደነበረ ራሱ የነገረኝን ያን ሌሊት አስታወስሁ። ይህም ትክክል ከሆነ፣ ጉናን አይቶት አያውቅም፤ እንዳለም አያምንም ነበር። የማያምነውን ቃል ግን ሳያርም፣ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ አድርሶልኛል ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ የኔንም የመጨረሻ ቃል እንዲሁ አድርሶት ይሆናል። ሁሉም የሚያርፈው ጉና ከዚያ ደጅ በመታየቱ ላይ ነበር።

ጎሕ ሲቀድ የእህሉ ባለቤት ገና አልመጣም። ከተዘጋው በር ፊት ቆሜ ጠበቅሁ። ብርሃኑ እየጠራ ሲሄድ፣ ከቤቶቹ ክዳን በላይ፣ ከሩቅ፣ መጀመሪያ ደመና የመሰለኝ ነገር ቅርጽ ያዘ። በዐይኔ እንዳልታለል ውኃ ቀድታ የምታልፍ አንዲት ሴት አስቁሜ ያ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት፤ ጉና ነው አለችኝ። ሲረፍድ ድረስ አልተነቃነቅሁም፤ ሲረፍድም ተሸሸገ። በማግሥቱ ደግሜ ሄጄ አየሁት። ከዚያ ደጅ፣ በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትሞቅ፣ ጉና ይታያል።