ጣቢያው እንዳይቋረጥ

አባቴ ከሞተ ወዲህ መርካቶ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለችው የራዲዮ መጠገኛ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ነው የምውለው። ራዲዮ የሚያሠራ ሰው ከጠፋ ቆየ፤ ብቅ የሚለው ወይ ቻርጀር ፈላጊ ነው፣ ወይ መንገድ ጠያቂ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን ጋሼ ይመጣሉ። የአባቴ የጥንት ጓደኛ ናቸው፣ ክርና ቁልፍ ሲሸጡ ያረጁ። የሚወዱት ጣቢያ በአጭር ሞገድ ነው የሚመጣው፤ የራሳቸው ራዲዮ ከጩኸት በቀር ምንም አልይዝ ስላላቸው እኔ ጋ ተቀምጠው ይሰማሉ። ቀኑን ሙሉ የምጠብቀው እሳቸውን ነው።

የእኔ ራዲዮ ብዙ ዕቃ የለውም። ከዱባይ ተራ የገዛኋት አውራ ጣት የምታህል መቀበያ ላፕቶፑ ላይ ትሰካለች፤ ማጣራቱን፣ ወደ ድምፅ መለወጡን ፕሮግራም ይሠራዋል። ችግሩ ጩኸቱ መልኩን መለዋወጡ ነው። ምን አለሽ ተራ ብየዳ ሲጀመር አንድ ዓይነት ነው፣ የሱቆቹ አምፖል ሲበራ ሌላ። ማጣሪያውን በየጊዜው መቀየር አለብኝ።

አንድ ቀን ለመቀየር ብዬ ፕሮግራሙን ዘጋሁት። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ጋሼ ከዘራቸውን አንስተው «በል ደህና እደር» ብለውኝ ወጡ። ጣቢያው ተመልሶ ሲናገር የሚሰማው እኔ ብቻ ነበርኩ። በማግሥቱ ቢመጡም ያን ምሽት በጣም ሆድ ባሰኝ።

ከዚያ ወዲህ ዘግቼ አላውቅም። መርካቶ ውስጥ መደርደሪያ ለመቀየር ብሎ ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ የለም፤ ደንበኛ አንዴ ዝግ ካገኘ ጎረቤት ጋ ለምዶ ይቀራል። እኔም አሮጌው ማጣሪያ እየሠራ አዲሱን ከጎኑ እቀጥላለሁ፤ በኤርፎን ለብቻዬ እፈትሸዋለሁ፤ ከዚያ የስፒከሩን ድምፅ ቀስ አድርጌ ወደ አዲሱ አሻግርና አሮጌውን አወጣለሁ። ጋሼ መቀየሩን እንኳ አያውቁም። ሰው ማቆየት የቻልኩ መስሎኝ እኮራ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ብየዳው ባሰበት። አዲስ ማጣሪያ ሠርቼ በኤርፎን ስሰማው ጥርት ብሎ ወጣ። እሱን ሳስተካክል፣ ያንንም ስነካካ ቆየሁ። ኤርፎኑን ሳወልቅ ሱቁ ጭር ብሏል። አሮጌውን ካወጣሁት በኋላ አዲሱን ከስፒከሩ ጋር ማገናኘቱን ረስቻለሁ። ሰዓቱን ሳይ ሃያ ደቂቃ አልፏል። ጋሼ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እንደተቀመጡ ናቸው።

ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው። ሥራ ላይ ስለነበርክ ነው አሉኝ፤ የጣቢያውን ወሬማ ልጃቸው ጠዋት ጠዋት በስልኳ ታሰማቸዋለች። «ታዲያ ያን ፕሮግራሙን የዘጋሁ ቀን ለምን ጥለውኝ ሄዱ?» አልኳቸው።

«ስትዘጋ አየሁሃ» አሉኝ። «ባለሱቅ መዝጋት ሲጀምር እንግዳ ይነሳል። ሂዱ ያልከኝ መስሎኝ ነበር። አባትህማ ልጄ ብቻውን እንዳይሆን ብሎ አንተን አደራ ሰጥቶኛል።»

ድምፁን ወደ ስፒከሩ ልመልስ የዘረጋሁትን እጄን ሰበሰብኩና ላፕቶፑን ከደንኩት።

ጋሼ አልተነሱም።