ቀኖናዬ እንቁላል ነበር

መጀመሪያ የታመመው እግሬ አልነበረም። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከቡድኑ ጋር ስንሮጥ እርጥብ አፈር በሸተተኝ ቁጥር ምራቄ ይሞላ ጀመር። ቤት ስገባ ጥሬ ሩዝ እቆረጥማለሁ። አመል ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

ቀጥሎ ዳገቱ ከበደኝ። እኛ የምንሮጠው አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈን፣ የፊተኛውን እግር እየተከተልን ነው። ከሰልፉ መውጣት ያሳፍራል። እኔ መውጣት ጀመርኩ። «ጀባዱ!» ይሉኛል፣ በርቺ ማለታቸው ነው። ዐቢይ ጾም ነበር፤ ንጋት ላይ ሮጬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም። ሯጮች ለክለብ የሚመረጡበት ማጣሪያም ደርሷል። ድካሙ ስንፍና መሰለኝና ልምምድ ጨመርኩ።

አንድ ጠዋት ጆሮዬ ጮኸ። ዓይኔ ጨለመ። ወደቅኩ።

ሐኪሟ የደም ምርመራዬን አይታ፣ «ሄሞግሎቢንሽ በጣም ወርዷል፤ ፌሪቲን፣ ማለትም የአይረን ክምችትሽ፣ አልቋል። ኪኒን፣ እንቁላል፣ ሥጋ። ሩጫ የለም» አለችኝ።

«ጾም ነው እኮ።»

«እሱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። እኔ የማውቀው ደምሽን ነው።»

ኪኒኑን ዋጥኩ፤ እንቁላሉን አልደፈርኩም። ተኝቼ የጓደኞቼን ኮቴ በበራችን ሲያልፍ ስሰማ ያጠፋሁ ይመስለኛል። መብላት ሳስብም ያጠፋሁ ይመስለኛል። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ፣ «አባ፣ ልገድፍ ነው፤ ቀኖና ይስጡኝ» ብዬ አለቀስኩ። ስግደት ነበር የጠበቅኩት።

«ቀኖናሽ እንቁላል ነው» አሉኝ። «በየቀኑ ትበያለሽ። ተደብቀሽ ሳይሆን እናትሽ ፊት። ሐኪሟ ሳትፈቅድልሽ ከሮጥሽ ግን፣ ያኔ ገደፍሽ።»

ራሴን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። በሌሊት መነሳት፣ መራብ፣ ዳገት መድገም አይከብደኝም። ያቃተኝ መተኛት ነበር።

እናቴ የጾም ዕቃዋ እንዳይነካካ ለእኔ ብቻ ትንሽ መጥበሻ ገዛች። በተከራየንበት ግቢ በጾም እንቁላል ሲሸት እኔ እሳቀቃለሁ፤ እሷ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። «የታመመ ሰው አለኝ፤ ማንን ልፈር?» ትላለች።

ምርጫው ያለ እኔ አለፈ፤ አንጀቴ አረረ። ቀስ በቀስ ግን የሩዙ አምሮት ጠፋ፣ ትንሽ ስራመድ ልቤ ድው ድው ማለቱን ተወ፣ ክረምት ሲገባም ሐኪሟ ሶምሶማ ፈቀደችልኝና ከሰልፉ ጭራ ላይ ሆኜ እንደገና ሰው እግር መከተል ጀመርኩ። ክለብ የገባሁት በዓመቱ ነው።

የምትሮጡ እህቶቼ፣ ድካማችሁ እረፍት አድርጋችሁም ካልለቀቃችሁ፣ አፈር ካማራችሁ፣ ጉብዝናውን ተዉትና ደማችሁን ተመርመሩ። ኪኒኑን በሻይ አትዋጡ፤ ሻይ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። እረፍት ሲታዘዝላችሁ እንደ ልምምድ በሰዓቱ፣ ሳትሰርቁ ሥሩት።

ሐኪሟንና አባን አመሰግናለሁ። እናቴን ሳመሰግን ግን ዛሬም ጥፋተኝነት ይሰማኛል። የዚያን ዓመት የፋሲካ ለት ጠዋት ከእኔው መጥበሻ አብራኝ ቀረበች። አንዴ ጎርሳ ፊቷ ተኮማተረ። ለካ እየጾመች መቅመስ ስለማትችል ጨውን በግምት ነበር የምትጨምረው።

«ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ጨው ስትበዪ ከርመሽ አንድ ቀን እንኳ አትናገሪም?»

«አንቺ ሽታውን ችለሽ እየጾምሽ፣ እኔ ጨው በዛ ልበልሽ?» አልኳት።