ያልተቀመሰ ፋይል

እናቴ ደብረ ታቦር ውስጥ ጠላ ትሸጣለች። ለማንም ቢሆን ጣሳውን ከመስጠቷ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ለጎረቤትም፣ ለቄስም፣ ለገዛ ልጇም። ልጅ ሆኜ ይህ ነገሯ ያሳፍረኝ ነበር።

እኔ እዚያው ከተማ፣ ለገበሬዎች የስልክ ፕሮግራም በሚሠራ ትንሽ ቢሮ ተቀጠርኩ። የቢሯችን ጣጣ ኔትወርክ ነው። ሲጠፋ ውሎ ድንገት ሲመጣ ሁሉም ወንበሩን ስቦ ይሻማል። ፕሮግራሙን አሻሽለን እንደገና በገነባን ቁጥር ደግሞ አንድ ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ይህን አድርግ ያንን አድርግ የሚል የትእዛዝ ፋይል፣ ከኢንተርኔት ይወርድና ማንም ሳያየው ይሠራል። ማን እንደጻፈው እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። ባልደረቦቼን እናንብበው ስላቸው «ኔትወርኩ ሳይሄድ እንጨርስ እባክሽ፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ» ይሉኛል።

አዎ፣ ነገር አበዛለሁ። አረብ አገር የሄድኩት ሳላነብ በፈረምኩት ወረቀት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍዬበታለሁ። ስለዚህ ያንን ስክሪፕት ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ቅጂውን አስቀመጥኩ፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥ ግንባታው ቀጥ እንዲል አደረግኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም።

አለቃዬ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «አርብ የእብናት ገበሬዎች በእኛ ፕሮግራም ዘር ማዘዝ ይጀምራሉ። በአንቺ ምክንያት ቢዘገይ ሌላ ሥራ ፈልጊ» አሉኝ። ቀልዳቸውን አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ኔትወርክ መጣ። ግንባታው ተጀመረና ቀጥ አለ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

«አንሺው ይሄን ነገርሽን» አሉ አለቃዬ፣ አጠገቤ መጥተው ቆመው።

«መጀመሪያ ላንብበው። ከዚያ እርስዎ እንዳሉ» አልኳቸው። ከወንበሬም ፍንክች አላልኩም።

አዲሱን ፋይል ከፈትኩት። ከታች ሁለት መስመር ተጨምሮበታል። የይለፍ ቃሎቻችንን ሰብስቦ ወደማናውቀው አድራሻ ይልካል። በእነዚያ ቃሎች ማንም በእኛ ስም ገብቶ ገበሬዎቹ ስልክ ላይ ያሻውን መጫን ይችላል። ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ፣ ቀስ እያልኩ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ምን አስዋሸኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ባስቀመጥኩት ቅጂ ገነባን። አርብ ጠዋት ማዘዣው በሰዓቱ ተከፈተ። አለቃዬ በሁሉም ፊት «ከዛሬ ጀምሮ እሷ ያላነበበችው እዚህ ቤት አይሠራም» አሉ። ነገር ታበዣለሽ ሲሉኝ የከረሙት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ፤ እኔም ቀና ብዬ እስክጠግብ አየኋቸው።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ጉዱን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረገፍኩላት። እሷ ጠላውን ቀዳች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፣ ጣሳውን ሰጠችኝ።

«ታዲያ ይሄ ምኑ ይገርማል?» አለችኝ። «ሳትቀምሺ ልትሰጫቸው ኖሯል?»