የራስን ልጅ ማጉረስ ክልክል ነው

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ፣ የቀረው ታሪክ ሌላ ሰው የበደለኝ ያስመስለዋል።

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ፣ ማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ ተከራይተን አሥራ ሁለት ቤተሰብ ሆነን መዋዕለ ሕፃናት ከፈትን። አብዛኞቻችን ደመወዝተኞች ነን፤ ከየአገሩ ለሥራ የመጣን፣ ልጅ የሚይዝልን ዘመድ በአቅራቢያችን የሌለን። እኔ ከወሎ መጥቼ ኮሌጅ ውስጥ የመሬት ቅየሳ አስተምራለሁ። ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጣችው እናት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች። አንድ አባት ደግሞ በሐይቁ ደሴቶች ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ባንዱ የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው፤ ቤተሰባቸው ከተማ ይኖራል፣ እሳቸው በጀልባ ይመላለሳሉ። በደመወዝ የቀጠርነው አንዲት መምህርት ብቻ ነው። የቀረውን ሥራ ወላጆች ተካፈልነው፤ በየቀኑ አንድ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ ይመጣል፣ አፍንጫ ይጠርጋል፣ እጅ ያስታጥባል፣ ምሳ ያበላል፣ ያስተኛል። ይህን ሰው የተራ ወላጅ እንለዋለን።

ልጆቹ ምሳቸውን ከየቤታቸው ይዘው ቢመጡም ለየብቻ አይበሉም። ሽሮው፣ ድንቹ፣ እንቁላሉ ሁሉ አንድ ሰፊ ትሪ ላይ ይገለበጥና ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ የተራ ወላጅ እየዞረ ያጎርሳቸዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ጥሩ ያልነበርነው እኛ ነን። እንቁላሉ ሁልጊዜ ተራው የደረሰው ሰው ልጅ አፍ ውስጥ ይገኛል። አንዲት እናት ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታሻሽ ረፋዱን ጨረሰችው፤ የሌሎቹ ንፍጥ ግን ወረደ። ስትጠየቅ «ኧረ አላስተዋልሁም» አለች። አልዋሸችም። እጅ የለመደበት ይሄዳል።

እኔ በመለኪያ የማምን ሰው ነኝ። ለተማሪዎቼ ዓይን ያዳላል፣ መሣሪያ አያዳላም እላለሁ። ስለዚህ በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ሕጉን አቀረብኩ፤ ከጸደቀም በኋላ በወፍራም እስክሪብቶ ካርቶን ላይ ጽፌ የወጥ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩት። የተራ ወላጅ የራሱን ልጅ አያቅፍም፣ አያጎርስም፣ አይቆጣም ይላል። የዚያ ቀን የእሱ ልጅ የመምህርቷ ናት ማለት ነው። የፋብሪካዋ እናት «ምን ዓይነት ጨካኝ ሕግ ነው ይሄ?» ብላ ተቆጣች። መሪጌታው ሲያዳምጡ ቆይተው «ልጁ ቢያለቅስሳ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «መምህርቷ አለች» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የተቃወመ የለም፤ ለልጁ እንደሚያዳላ በሰው ፊት ማመን የሚፈልግ ወላጅ የት ይገኛል?

ልጄ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ነርስ ስለሆነች በፈረቃ ትሠራለች፤ በዚህ የተነሳ ልጄን ጡት ከተወች ጀምሮ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ቤት ውስጥ ከኔ እጅ ካልሆነ አትበላም ነበር። ጉርሻ ስትጠብቅ ዓይኗን ጨፍና አፏን የመክፈት ልማድ አላት፤ ምን እንደሚመጣላት ማየት አያስፈልጋትም። እኔም ይህን ነገር፣ አልደብቅም፣ እኮራበት ነበር።

ሕጉ ከወጣ በኋላ ተራዬ የደረሰ ቀን፣ ልክ ምሳ ሲቀርብ አንዱ ሕፃን ልብሱ ላይ አስመለሰና መምህርቷ ልታጥበው ይዛው ወጣች። እኔ ትሪው ጋ ቀረሁ። ከግራ ጀምሬ ማጉረስ ያዝኩ። ልጄ አምስተኛዋ ነበረች። ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፍታለች። አለፍኳትና ስድስተኛውን አጎረስኩ። ዙሩን ጨርሼ ቀና ስል አሁንም እንደ ጨፈነች ነው።

ዓይኗን ገልጣ ግራና ቀኝ የሚያኝኩትን አየች። «አባዬ፣ እኔን ረሳኸኝ» አለችኝ።

«አልረሳሁሽም። አንቺን መምህርቷ ታጎርስሻለች።»

«የታለች?»

«ትመጣለች፣ ጠብቂ።»

በሁለተኛው ዙር አፏን ከፈተች፤ ዓይኗን ግን አልጨፈነችም። እጄ ወደ ጎረቤቷ ሲሄድ በዓይኗ ተከተለችው። በሦስተኛው ዙር አፏን ዘግታ ወደ ማንጎው ዛፍ ዞራ ተቀመጠች። መምህርቷ ስትመለስ ትሪው ላይ የቀረው ፍርፋሪ ነበር። ዳቦ ቆርሳ ብትሰጣት «አልራበኝም» አለቻት። አላለቀሰችም። ባለማልቀሷ ሕጉ የሠራ መሰለኝ።

ማታ ለባለቤቴ እንደ ጀብዱ ነገርኳት። ጫማዋን እያወለቀች ሰማችኝ፤ ከዚያ አንዱን ጫማ በእጇ እንደ ያዘች «የራበው ማን ነው፣ ሕጉ ነው ልጅቷ?» አለችኝ። መልስ ነበረኝ። ረዥምና ምክንያታዊ መልስ ነበር፤ ሳልጨርሰው ተነስታ ሄደች።

በማግስቱ እራት ላይ ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ ልጄ ብዘረጋ «በእጄ እበላለሁ» አለች። አደገች ብዬ ደስ አለኝ፤ ለሥራ ባልደረቦቼም አወራሁ። ሳምንት ሲያልፍ ግን የጫማዋ ማሰሪያ ሲፈታ እኔን አልፋ ወደ ጎረቤት ሴትዮ ስትሄድ አየሁ። ውኃ ሲጠማት እናቷን ትጠብቃለች፤ እናቷ ከሌለች ወንበር ገፍታ ራሷ ለመቅዳት ትሞክራለች። አኩርፋ አይደለም። ከኔ ጋር ትስቃለች፣ ባጃጅ ውስጥ እጄን ይዛ ያየችውን ሁሉ ትነግረኛለች። የምትፈልገው ነገር ሲኖር ብቻ ወደኔ አትመጣም። ቂም ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቂም በከረሜላም ይለቃል። እሷ ግን አልተቀየመችም፤ አንድ ነገር ተምራ በተማረችው መሠረት ትኖራለች።

አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ልወስዳት ሄድኩ። የመሪጌታው ተራ ነበር። በመስኮት ሳይ ትሪው ጋ ቁጭ ብለዋል፤ ሀሁን በዜማ እያወረዱ በየፊደሉ አንድ ልጅ ያጎርሳሉ። ልጄ ጋቢያቸው ላይ ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ያን አፍ ካየሁት ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ቀናሁ። በአንድ የተከበሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ በሽሮ ጉርሻ የተነሳ ቀናሁ። በሩን ሳላንኳኳ መንገድ ላይ ቆሜ ሰዓቱ እስኪደርስ ጠበቅኩ።

በሚቀጥለው ስብሰባ አያጎርስም የሚለው እንዲሰረዝ ጠየቅኩ። ተቃውሞው ካልጠበቅኩት ወገን መጣ። የፋብሪካዋ እናት ተነስታ «አይሆንም» አለች። «ልጄ ከማንም እጅ መብላት የለመደው በዚህ ሕግ ነው። አሁን ደግሞ ምን ተገኘ?»

ምን እንደተገኘ ነገርኳቸው፤ ሦስቱን ዙር፣ የተጨፈነውን ዓይን፣ ያለቀውን ትሪ፣ ሁሉንም። ስጨርስ ማንም ወደኔ አያይም፤ እርስ በርስ ነው የሚተያዩት።

መሪጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እርስዎ በውነት አላጎረሷትም?» አሉኝ።

«ሕጉ ነዋ።»

«እኔማ» አሉ መሪጌታው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ተራዬ ሲሆን ልጄን ከበሩ ኋላ ጠራ አድርጌ አጎርሳለሁ። የመጀመሪያውን ቀን እንዲሁ አደረግሁ፤ ከዚያም አልተውሁትም።»

የፋብሪካዋ እናት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «እኔ እጅ ሳስታጥባቸው ነው የማጎርሰው፤ አንድ እንቁላል ኪሴ ይዤ እመጣለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም እየተሳሳቀ ተናዘዘ። ወጥ ቤት፣ መጸዳጃ ቤት፣ ከማንጎው ኋላ፤ ያልተጎረሰበት ጥግ የለም። መምህርቷ ሁሉንም ታውቅ ነበር። ከአሥራ ሁለት ቤተሰብ ሕጉን እንደ ተጻፈ የጠበቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እንግዲህ ይሰረዝ ስላቸው ደግሞ አሻፈረን አሉ። «ምን አስቸኮለዎት፣ ይቀመጥ፤ ሰው ፊት እንድናፍር ያደርገናል» አሉ መሪጌታው፤ በዚያው ጸደቀ። እኔም ሳቅኩ። ቤቴ እስክደርስ ግን ፊቴ እንደ ጋለ ነበር፤ ካፈርኩት ይልቅ የከፋኝ በዛ። አሥራ አንዱ ሲቀጥፉ ልጆቻቸውን ይዘው ቀርተዋል።

እሑድ ከልጄ ጋር ሐይቁ ዳር ወረድን። ጫማዋን አውልቃ ውኃው ጫፍ ጫፉን ትሮጣለች፤ እኔ ጫማዋን ይዤ እከተላለሁ። ድንገት ቆመች። አንድ እግሯን አንስታ በሌላው ትወዛወዛለች። ስጠጋት ተረከዟ ላይ የግራር እሾህ ተሰክቷል፤ ምስር የምታህል የደም ጠብታ ወጥታለች። ከንፈሯን ነክሳ ዙሪያዋን አየች። ዓሣ የምታጥብ ሴትዮ ራቅ ብላ ተቀምጣለች፤ ሌላ ሰው የለም። ማንን እንደምትፈልግ ገባኝ። ማንንም፣ ከኔ ሌላ ማንንም ነበር የምትፈልገው። እጄን ለመዘርጋት ፈራሁ።

በመጨረሻ ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ ዛሬ ተራህ ነው?»

«አይደለም» አልኳት። ጫማዋን መሬት አስቀመጥኩ። «ዛሬ ተራዬ አይደለም።»

«ታዲያ ልታወጣልኝ ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

እግሯን ሰጠችኝ። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው።