ቅቤ የዋጠው ጠመንጃ

ወደ ጠመንጃ ሥራ የገባሁት ሳሙና ይዤ ነው። ዲላ ውስጥ የውጭ አገር አዳኞችን ይዞ ጫካ የሚወጣ አንድ ድርጅት ነበር፤ ልብስ አጣቢ ይፈልጋሉ ሲሉኝ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን አንሶላ አስጥቼ ሳልጨርስ የመሣሪያ ክፍል ኃላፊው ጋሽ ሙላት በመስኮት ጠሩኝ።

«መርፌ ላይ ክር ታስገቢያለሽ?»

«አስገባለሁ።»

«ምራቅ ሳታስነኪው?»

«ምራቅማ አለበት ጋሼ።»

ሳቁ። የሳቸው እጅ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበርና የሚያግዛቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። ጠመንጃ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው የመወልወያውን ዘንግ ሰጡኝ። እኔም ዘንጉን በአፈሙዙ በኩል ልከተው ስል እጄን ያዙኝ። «ከኋላ ነው የሚገባው። ከፊት ካስገባሽ የአፉን ጠርዝ ትፍቂዋለሽ። ጠርዙ የተፋቀ ጠመንጃ ጥይቱን የት እንደሚጥለው አይታወቅም።» አንሶላው እንደተሰጣ ዝናብ መታው። ለዚያ ተቆጡኝ፤ ለጠመንጃው ግን በማግስቱም ጠሩኝ።

እንዲህ ሆኜ ቀረሁ። ፊደል አልቆጠርኩም። ይህንንም እኔ እየተናገርኩ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፈው። ጥይቱን ግን በካርቶኑ ቀለምና በአናቱ ቅርጽ እለያለሁ። አንዱን ዓይነት ከሌላው ደባልቄ አላውቅም። ጋሽ ሙላት ሲያርፉ ጠረጴዛው ለእኔ ቀረ።

ድካሙን አላወራም ብል ውሸት ነው። ጨለለቅቱ ላይ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር፣ ሁሉም ወርዶ ሲገፋ፣ እኔ የጠመንጃ ሳጥን አቅፌ ዝናብ ላይ የምቆም ነበርኩ። የማነጣጠሪያ መነጽር የተገጠመለት ጠመንጃ መሬት አይቀመጥም፤ ከተጋጨ መነጽሩ ይዛነፋል። ጉልበቴ ያኔ ነው የሄደው መሰለኝ። ወይስ ባሌ ተራራ ላይ? አንዱ ጋ ነው። ካምፕ ተክሎ መንቀል፣ እንደገና መትከል። ቤቴ የትኛው እንደሆነ የምረሳበት ጊዜ ነበር።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ አዲሱ ጠመንጃ።

ዱካ ፈላጊያችን ጅግሶ ይባላል። ከገደብ ከተማ በላይ ያለ መንደር ሰው ነው፤ በዕድሜ እኩዮች ነን። የተጎነበሰ ሣር አይቶ እንስሳው ጠግቦ ይሁን ተርቦ ያለፈው ይነግርሃል። በአንድ የአደን ወቅት አንድ እንግዳ አዳኝ ገደል ማዶ ያለ አጋዘን መትቶ አቆሰለ። በአደን ሕግ ደሙ የፈሰሰ እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል፤ እንግዳው ሌላ መተኮስ አይችልም። ጅግሶ በጉም ውስጥ ደሙን እየተከተለ ሄደ፤ ኋላ ዝናብ መጥቶ ደሙን አጠበው። አጋዘኑ አልተገኘም።

የድርጅቱ ባለቤት አቶ ታደሰ ሁላችንም ፊት ተናገሩት። «ርቀቱን አሳስተህ ነግረኸው ነው። ከዚህ በኋላ አንድ እንስሳ ቆስሎ ቢጠፋብን፣ ሁለተኛ አልጠራህም።»

ጅግሶ እንሰቱንም ቡናውንም ለልጆቹ አካፍሎ ጨርሷል። ከዚህ ሥራ ሌላ የኔ የሚለው ነገር አልነበረውም። ማታ እሳት ዳር ሲቀመጥ ግን ስለ ሥራው አልነበረም የሚያወራው። «ያ አጋዘን የት ተኝቶ ይሆን?» ይል ነበር።

በሚቀጥለው ወቅት አቶ ታደሰ ለሩቅ ተኩስ የተሠራ አዲስ ጠመንጃ አመጡ። መነጽሩ የክንዴን ያህል ይረዝማል። «ከእንግዲህ ሰበብ የለም» አሉ። አዲስ እንግዳ በማግስቱ ሊገባ፣ እኛ ካምፕ ተክለን ጠመንጃውን ዒላማ ላይ ልናስተካክል ነው።

አዲስ ጠመንጃ ከፋብሪካ ሲመጣ እንዳይዝግ የተቀባው ቅባት አለ። እሱ ካልወጣ የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ልክ አይሄዱም። ጠዋት በርሜሉን በጨርቅ ደጋግሜ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ወለወልኩት። መሪ አዳኙ ሳምሶን የመነጽሩንና የሰደፉን ብሎኖች በቁልፍ አጠበቀ። ሳምሶን በዕድሜው ልጄ ይሆናል፤ ሥራው ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ከዚያ ጠመንጃውን ድንኳኔ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ለምርኩዝ የሚሆነውን ከረጢት አሸዋ ልሞላ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ከረጢቱን ከቡና ጆንያ ራሴ ነው የሰፋሁት። ምርኩዙ ከጠመንጃው እንጨት ሥር ነው የሚገባው፤ በርሜሉ ምንም ነገር መንካት የለበትም።

ስመለስ ጅግሶ ከድንኳኔ ሲወጣ አየሁት። «ሻይ ፈልጌ ነው እህቴ» አለኝ። ሻይ እኔ ዘንድ ተፈልቶ አያውቅም። ግን አልጠረጠርኩም።

ሳምሶን ሜዳው ላይ በሆዱ ተኝቶ ተኮሰ። የመጀመሪያዋ ከዒላማው በላይ ሄደች። ሁለተኛዋ ወደ ግራ። ሦስተኛዋ ወረቀቱን ነካች፣ ጥግ ላይ።

«ብሎኑ ነው» አለ፤ ፈተሸው፣ ጠብቋል። «ጥይቱ ነው» አለ፤ ሁሉም ከአንድ ካርቶን እንደሆነ ምዬ ነገርኩት። የመነጽሩን ማስተካከያ አዞረ፣ ተኮሰ። እንደገና አዞረ። ወደ መሀል እየቀረበ መጣና ደስ አለው። አቶ ታደሰ አጨበጨቡ። ጅግሶ ዛፍ ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ሲጸልይ ነበር።

«በርሜሉ ግሏል» አለ ሳምሶን። «ጥላ ላይ ይቀዝቅዝ። እማማ ዘነበች፣ አንዴ ወልውይልኝ። ነገ እንግዳው በዚሁ ይተኩሳል።»

ጠመንጃው ሲቀዘቅዝ ዘንጉን ከኋላ አስገባሁ። ጨርቁ ወጣ። ጥቁር መሆን ነበረበት፤ ከጥቁሩ ሥር ግን ቢጫ ነገር አለ። አሸተትኩት። የባሩድ ሽታ አውቃለሁ። ይህ ግን ኮረሪማ ያለበት ሽታ ነበር፤ የወጥ ቤት ሽታ።

ጅግሶን ጠራሁት። «ጋሼ፣ ይህን አሽተው።»

አሸተተ። አልካደም። «ልጅ ሲወለድ ምን እናስውጠዋለን?» አለኝ።

«ቅቤ።»

«አዲስ ነገር ነው እንግዲህ። ሰው አገር የተሠራ፣ ማንም እንኳን ደህና መጣህ ያላለው። ትንሽ አፉ ላይ አደረግኩለት። ፍቅር ይዞ እንዲሠራ።»

«ጋሼ፣ ዕቃ እኮ ነው! አፉ የተደፈነ ጠመንጃ ይፈነዳል። ሳምሶን ፊቱን አስጠግቶበት ነበር!»

እዚህ ላይ ደነገጠ። እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ደፍኜ አይደለም፤ በጣት ጫፍ ነው» አለ። ጨርቁን አየና «ወጣ አይደል? አንቺ አጸዳሽው። በቃ ዝም በይልኝ። አቶ ታደሰ ከሰሙ አለቀልኝ።»

«እኔ ዝም እላለሁ። መነጽሩ ግን የዞረው በቅቤህ ነው። አሁን በርሜሉ ንጹሕ ነው፤ ጥይቱ ሌላ ቦታ ነው የሚሄደው። ነገ እንግዳው ትከሻ አነጣጥሮ ሆድ ይመታል።»

ጅግሶ ጨርቁን ከእጄ ወሰደ፣ አጣጥፎ ያዘውና ወደ አቶ ታደሰ ድንኳን ሄደ። አካሄዱ አሁንም በዓይኔ አለ፤ ሠርግ ላይ እንደተጠራ ሰው ኮቱን ቆልፎ ነበር።

አቶ ታደሰ ሲሰሙ መጀመሪያ የቀለደባቸው መሰላቸው። «ቅቤ?»

«ቅቤ፣ ጌታዬ።»

«የኔን ጠመንጃ ቂጣ አደረግከው?» ካምፑ በሙሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ሻንጣህን አዘጋጅ። ነገ እንግዳው በሚመጣበት መኪና ወደ ገደብ ትወርዳለህ።»

ጅግሶ ራሱን ነቀነቀ። «እወርዳለሁ። ብቻ መነጽሩን መልሱት።»

ሳምሶን ፊቱን እየጠረገ ቆሞ ነበር፤ ሊደርስበት የነበረውን ሲያስብ መሰለኝ። ሊጮህበት ነው ብዬ ፈራሁ። «አቶ ታደሰ» አለ በቀስታ፤ «ይህ ሰው ዛሬ ዝም ቢል ኖሮ ነገ እንስሳ እናቆስል ነበር፣ ምክንያቱንም ሳናውቀው እንቀር ነበር። እሱ አብሮኝ ካልወጣ እኔ ያን ጫካ አልገባም።»

አቶ ታደሰ ድንኳናቸው ገቡ።

እኛ ወደ ሜዳው ተመለስን። ሳምሶን መነጽሩን ጠዋት ወደነበረበት መለሰው። አንድ ተኩሶ ይጠብቃል፤ በርሜሉ እጅ ሲያስነካ ሌላ ይተኩሳል። መነጽሩን ሳይነካ ጥይቶቹ የት እንደሚሰበሰቡ አየ። ከዚያ ብቻ ነው ያዞረው፣ ለዚያውም አንድ ጊዜ። ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ቀዳዳዎቹ ቡና ስኒ የሚከድናቸው ሆኑ። ጠመንጃው ደግ ነበር። የተበላሸው እኛ ስንቸኩል ነው።

ጠዋት መኪናው መጣ፣ እንግዳው ወረደ። ጅግሶ ሻንጣውን ይዞ ቆሟል። አቶ ታደሰ በአጠገቡ አለፉ፣ ተመለሱ፣ ሻንጣውን ተቀብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። «ውጣ» አሉት፤ ጣታቸው ወደ ተራራው ነበር።

ተኩሱን ከካምፕ ሆኜ ሰማሁ። አንድ ነው። ሁለተኛ እስክሰማ ጠበቅኩ፤ ሁለተኛ አልመጣም። ሲመለሱ ሳምሶን ነገረኝ። እንግዳው መጀመሪያ ከገደል ማዶ ሊተኩስ ፈልጎ ጠመንጃው ይደርሳል ብሎ ነበር። ጅግሶ «ይደርሳል፤ ነፋሱ ግን አንድ አይደለም» ብሎ በእንብርክክ አስጠጋው። አጋዘኑ ከወደቀበት አልተነሳም። ጅግሶ አጠገቡ ተቀምጦ ቆየ አሉ። ምን እንዳለ አልጠየቅኩትም።

ቀጥሎ ባለው ወቅት ሌላ አዲስ ጠመንጃ መጣ። ወልውዬ ስጨርስ አቶ ታደሰ ድንኳኔ በር ላይ ቆሙ፤ ጅግሶ ከኋላቸው ነበር። «ሰደፉ ላይ ብቻ» አሉ። «ዘነበች እያየች።» ጅግሶ ጣቱን ቅቤ ውስጥ ነክሮ ሰደፉን፣ ትከሻ የሚያርፍበትን ቦታ ቀባ። እኔ በርሜሉን እንደገና አየሁ፣ ከዚያ ለሳምሶን ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ በእኛ ካምፕ የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ሆነ።

አሁን ሁለታችንም ትተነዋል። እኔን ጉልበቴ፣ እሱን ዓይኑ። እጄ እንደ ጋሽ ሙላት እጅ ሆኗል፤ ክር በመርፌ የምታስገባልኝ ይህችው የምትጽፈው ናት።

በካምፕ ለምትሠሩ ይህን እላለሁ። አዲስ ጠመንጃ በደንብ ይወልወል፣ በየተኩሱ ይቀዝቅዝ፣ መነጽሩ በመጨረሻ ይነካ። ማንም እጁን ያሳረፈበት ሰው ያደረገውን ከተኩሱ በፊት ይናገር።