አንድ ሙክት፣ አራት ስለት

ክረምት ላይ ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተን ስንቀመጥ፣ ዝናብ ያራሰው የሱፍ ሹራብ የለበሰ ሰው አጠገቤ ካለ፣ ሽታው አፍንጫዬን እንደነካው ዱርቤቴ ትዝ ይለኛል። ከተማውን ማለቴ አይደለም፤ በጉን ነው። አባዬ በግንቦት ከዱርቤቴ ገበያ ገዝቶ ያመጣው ሙክት ስለነበር ስሙ እንደዚያው ሆኖ ቀረ። ለእንቁጣጣሽ ሊታረድ እየተቀለበ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር በረንዳው ላይ እኔ ላይ ተለጥፎ ይቆም ነበር፤ ትምህርት ቤት ዝግ መሆኑ በጀኝ እንጂ ማንም አጠገቤ አይቀመጥም ነበር።

አባዬ የሞተር ጀልባ ነጂ ነበር፤ ከባሕር ዳር ጨውና ሳሙና ጭኖ ወደ ደቅ ደሴት ይሄድና በማግስቱ ይመለስ ነበር። እሱ ሐይቁ ላይ በሆነ ቁጥር እማዬ «ለእሱ ሰጥቼዋለሁ» ትል ነበር፤ ለእግዚአብሔር ማለቷ ነው። ሰጥታም ግን አታርፍም፤ ሽንኩርት እየከተፈች ድንገት ቢላዋዋን ትጥልና፣ ነጠላዋን እያጣፋች ወደ ሐይቁ ዳር ወርዳ፣ አይታ ትመለስ ነበር። አደራ ያስቀመጠችውን ዕቃ በየሰዓቱ እየመጣች እንደምትነካካ ሴት።

ፍልሰታ ገባ። እኔ አሥር ዓመት ሞልቶኝ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብዬ ፎክሬ፣ በአራት ሰዓት ዳቦ ደብቄ በምበላበት ሰሞን አባዬ ሄዶ ቀረ። በማግስቱ አልመጣም፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ስልኩ አይሠራም፣ ነፋሱ ሐይቁን ያተረማምሰዋል፣ ሌሎቹ ጀልባ ነጂዎች ከወደቡ ንቅንቅ አላሉም። «ይመጣል» ይሉናል፣ ዓይናችንን ግን አያዩም። የአባዬ እኅት አክስቴ የሺ ልታጽናናን መጥታ ከሁላችን በላይ አለቀሰች። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ የጨርቅ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው፣ ያደረውን ድስት ሁሉ አጥበው ሄዱ።

እኔ ጓሮ ዞሬ የዱርቤቴን አንገት አቅፌ፣ ቅዱስ ሚካኤል አባዬን ካመጣልኝ በጉን ማንም እንዳያርደው፣ አርጅቶ እስኪሞት ራሴ ልቀልበው ተሳልሁ። በጉ የእኔ አለመሆኑ ትዝ አላለኝም።

አባዬ በአራተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ መጣ። ሞተሩ ሞቶበት፣ ነፋሱ ገፍቶ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ጥሎት፣ የደሴቱ ሰዎች ሽንብራ እያበሉ፣ ጠላ እያጠጡ አሰንብተውት ነበር። እኛ በጭንቀትና በጾም ከስተን፣ እሱ ወፍሮ መጣ። እማዬ በነጠላዋ ጫፍ ትከሻውን ደጋግማ መታችውና ተንሰቀሰቀች።

እንባው ሲደርቅ እማዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ዱርቤቴን ለእመቤታችን ተስያለሁ፤ ለእንቁጣጣሽ በሽሮ እንውላለን።»

አክስቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «እኔ ለገብርኤል ተስዬው የለ እንዴ?»

«የማንን በግ?»

«የወንድሜን ነዋ።»

አባዬ መሬት መሬት እያየ፣ ማዕበሉ ጀልባዋ ውስጥ ሲገባ እሱም ያንኑ በግ ለጊዮርጊስ እንደተሳለ ተናገረ። እኔም ፈርቼ የራሴን አወጣሁ። ዱርቤቴ በረንዳው ላይ የድንች ልጣጭ ያመነዥካል። ቀድሞ የተሳለው ማነው በሚለው ሊጣሉ ሲደርሱ አባዬ፣ «እናንተ እኮ ደረቅ መሬት ላይ ቆማችሁ ነው የተሳላችሁት» አለ።

እትዬ ዘይነባ እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ መጥተው ነገሩን ሲሰሙ፣ በሩን ይዘው ሳቁ። እማዬ ተናደደችና እሳቸውስ ምን እንደተሳሉ ጠየቀች።

«እኔማ ያለ በግ ነው የለመንሁት» አሉ። «ያ ረቢ፣ መልስላቸው አልሁ፤ መለሰው።»

እማዬ ወንበር አቀረበችላቸው።

መስከረም ሲጠባ የነፍስ አባታችን ተጠርተው መጡ። ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፍነው ሰሙንና፣ ቅዱሳኑ በአንድ በግ እንደማይጣሉ፣ የምንጣላው እኛ መሆናችንን ነግረውን፣ ወሩ በገባ በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት ታርዶ ነዳያን እንዲበሉት ወሰኑ። ወደ እኔ ዞረውም፣ «የሰው በግ ነው የተሳልሽው፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። ቅር አለኝ፤ አክስቴ የተሳለችውም የሰው በግ ነበር፣ እሷን ግን ማንም አልፈታትም። በዕለቱ አልቅሼ አልቅሼ፣ ከወጡ ሁለት ጊዜ አስጨመርሁ።

አባዬ ዛሬ ሸብቶም መሪውን አለቀቀም። ዘንድሮ ክረምት መንገዱ ተዘጋግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ እሱም ከደቅ ሳይመለስ ሁለት ቀን ቀረብን። እትዬ ዘይነባ ካረፉ ቆይተዋል። እንደ ልማዴ ልሳል ብዬ ዙሪያዬን ባይ፣ ያለኝ ስልኬና አንድ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ያኔ አራት ሆነን ከአንድ በግ ጀርባ ተደብቀን ነበር የለመንነው፤ አሁን ባዶ እጄን «መልስልን» ብዬ ዝም አልሁ፤ ዝም ማለት ለእኔ ከበግ የሚከብድ ስለት ነው። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ስትነሳ፣ እንደ ድሮው አላሾፍሁባትም፤ ጫማዬን አድርጌ ተከትያት ወረድሁ።

በማግስቱ አባዬ እያዛጋ መጣ። ምን እንደተሳልንለት ጠየቀን።

«ምንም» አልነው።

ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ።